የአሠልጣኙ ጠባይና የቡድኑ አመራር፦ በምዕራብ ጎጃም ትምህርት ቤቶች የእግር ኳስ ሥልጠና አንጻር

መግቢያ

እግር ኳስ ከአንዳንድ የቡድን ስፖርቶች የሚለይበት አንድ ዐቢይ ነገር አለ። በቅርጫት ኳስና በመረብ ኳስ አሠልጣኙ ጨዋታውን ለጥቂት ጊዜ አስቁሞ፣ ተጫዋቾቹን በዙሪያው ሰብስቦ ለመምከር ሕጉ ይፈቅድለታል። በእግር ኳስ ግን አሠልጣኙ ጨዋታውን የማስቆም መብት የለውም። ከመሥመር ውጭ ቆሞ ይመለከታል፤ ተጫዋች ይቀይራል፤ ድምፁ እስከ ደረሰበት ድረስ ያሳስባል። ከዚያ ያለፈውን ውሳኔ ሁሉ በየቅጽበቱ የሚሰጡት በሜዳው ውስጥ ያሉት 11 ተጫዋቾች ናቸው። ስለዚህ አሠልጣኙ በልምምድ ሰዓት የገለጠው ጠባይ ፍሬውን የሚያሳየው እርሱ ሊገባበት በማይችለው ሜዳ ላይ ነው።

በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው በሚገኙት የገጠር ትምህርት ቤቶች አሠልጣኝ የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ የስፖርት መምህሩ ነው። በአነስተኞቹ ትምህርት ቤቶች ደግሞ ኳስ የሚወድ የሌላ ትምህርት መምህር ሥራውን ደርቦ ይዞታል። ይኸው ሰው በክፍል ውስጥ መምህር፣ በሜዳ አሠልጣኝ፣ በጉዞ ጊዜ ደግሞ የወላጅ ምትክ ነው። ስለዚህ ጠባዩ በተማሪዎቹ ላይ የሚያሳድረው ተጽዕኖ በአንድ የክለብ አሠልጣኝ ከሚደርሰው ይበልጣል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ተጽዕኖ በምን መንገድ እንደሚሠራ ማስረዳትና መምህራንና ዕቅድ አውጪዎች ሊያደርጉት የሚችሉትን ማመልከት ነው።

1. ጠባይና ልማድ

በመጀመሪያ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። አንዱ ሰው ከተፈጥሮው የሚያገኘው ጠባይ ነው። አንዳንዱ ቶሎ ይቆጣል፣ ቶሎም ይበርዳል፤ ሌላው ዝምተኛ ነው፤ ሦስተኛው ተጫዋችና ተግባቢ ነው። ሁለተኛው ግን ሰው በተደጋጋሚ ሥራ የሚያዳብረው ልማድ ነው። ቁጡ ሰው የቁጣ ስሜት እንዳይሰማው ማድረግ አይቻልም፤ ነገር ግን ቁጣው በተሰማው ጊዜ ምን እንደሚናገርና ምን እንደሚያደርግ ሊለማመድ ይችላል።

ተጫዋቾች የአሠልጣኛቸውን የልብ ስሜት አያዩም። የሚያዩት ልማዱን ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚያዩት ደግሞ ስሕተት በተፈጸመበት ቅጽበት ነው። በረኛው ኳስ ሲያመልጠው ወይም ተከላካዩ ሲታለል፣ የቡድኑ ዓይን ሁሉ ወደ አሠልጣኙ ይዞራል። በዚያች ቅጽበት ቡድኑ ስሕተት የሚታረም ነገር መሆኑን ወይም የሚያስቀጣ ነገር መሆኑን ይማራል። አምበሉም ከዚያው ትምህርቱን ይወስዳል። አሠልጣኙ የሚሰድብ ከሆነ አምበሉ ባልደረቦቹን ይሰድባል፤ አሠልጣኙ የሚያሳይና የሚያርም ከሆነ አምበሉም ወደ ተሳሳተው ጓደኛው ቀርቦ ቦታውን ያሳየዋል።

2. መሪው ከክፍሉ ሲወጣ

ስለ አመራር ዓይነቶች ከተደረጉት ጥናቶች መካከል ለመምህራን እጅግ ጠቃሚ የሆነው ኩርት ሌዊን፣ ሮናልድ ሊፒትና ራልፍ ኋይት በአሜሪካ በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ አካሂደው በ1939 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ነው። አጥኚዎቹ የ10 ዓመት ገደማ ዕድሜ ያላቸውን ወንዶች ልጆች በትንንሽ ማኅበራት ከፍለው የእጅ ሥራ እንዲሠሩ አደረጉ። መሪዎቹ በሦስት ዓይነት መንገድ እንዲመሩ ታዘዙ። አንደኛው ሁሉን በራሱ ወስኖ የሚያዝ፣ ሁለተኛው ከልጆቹ ጋር ተመካክሮ የሚመራ፣ ሦስተኛው ደግሞ ልጆቹን እንደ ፈቃዳቸው የሚተው መሪ ነበር።

በአዛዡ መሪ ሥር ያሉት ልጆች አንዳንዶቹ እርስ በርሳቸው ይጣሉና በአንድ ደካማ ጓደኛቸው ላይ ይነሡ ነበር፤ ሌሎቹ ደግሞ ፈዘው ትእዛዝ ብቻ ይጠብቁ ነበር። ለኛ ጉዳይ ዋናው ግን የሚከተለው ነው። አዛዡ መሪ ከክፍሉ በወጣ ጊዜ ሥራው በእጅጉ ቀነሰ። ተመካክሮ የሚመራው በወጣ ጊዜ ግን ልጆቹ ሥራቸውን ቀጠሉ። እንደ ፈቃዳቸው የተተዉትም ቢሆኑ ጥሩ ሥራ አላሳዩም። ስለዚህ ጥናቱ ልልነትን የሚያመሰግን አይደለም።

ከላይ እንደ ተገለጠው፣ በእግር ኳስ ጨዋታ መሪው ሁልጊዜ «ከክፍሉ የወጣ» ነው። በልምምድ ጊዜ እያንዳንዱን እርምጃ በጩኸት የሚያዝ አሠልጣኝ፣ በልምምዱ ላይ ሥርዓት ያለው ቡድን ያገኝ ይሆናል። ጨዋታው በተጀመረ ጊዜ ግን ተጫዋቾቹ በኳሱ ፈንታ የእርሱን ፊት ይመለከታሉ።

3. ከኢትዮጵያ እግር ኳስ ታሪክ

የሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተደረገ። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን አሠልጣኝ ይድነቃቸው ተሰማ፣ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበሩ። በዚያን ጊዜ የተባበረው ዓረብ ሪፐብሊክ በሚል ስም የተሰለፈው የግብጽ ቡድን ሁለት ጊዜ መራ። መጀመሪያ ግርማ ተክሌ፣ ጨዋታው ሊያበቃ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩ ደግሞ አምበሉ ራሱ አቻ አደረጉ። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ ግብ አስቆጥረው ኢትዮጵያ 4 ለ 2 አሸነፈች። ግርማ አቻ ካደረጉ በኋላ ወዲያው ሁለተኛው ግብ ሲገባባቸው ተጫዋቾቹን ሰብስቦ ሊያጽናና የሚችል አሠልጣኝ በሜዳው ውስጥ አልነበረም። መጽናናትም ማጥቃትም ከተጫዋቾቹ መካከል መምጣት ነበረበት፤ መጣም።

ይድነቃቸው ራሳቸው ለረጅም ዘመን የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ ተጫዋች ስለ ነበሩ ጨዋታን ከውስጥ ያውቁት ነበር። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ በነሐሴ 1979 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ በፕሬዚዳንትነት ሲመሩ፣ የዘር መድልዎን በመቃወም ያሳዩት ጽኑ አቋም ከጠባያቸው ጋር አብሮ ይወሳል። በዚያ ፍጻሜ አራተኛውን ግብ ያስቆጠሩት መንግሥቱ ወርቁም በተራቸው የብሔራዊ ቡድኑ አሠልጣኝ ሆነዋል።

ሌላው ምሳሌ ቅርብ ነው። በአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው የተመራው ቡድን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሶ፣ ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ ከዛምቢያ ጋር ተጋጠመ። ዛምቢያ የወቅቱ የዋንጫው ባለቤት ነበረች። የኢትዮጵያ ቡድን ፍጹም ቅጣት ምት አመለጠው፤ በረኛው በቀይ ካርድ ወጣ፤ ግብም ገባበት። ይሁን እንጂ 10 ተጫዋቾች ሆነው አዳነ ግርማ ባስቆጠሩት ግብ 1 ለ 1 ተለያዩ። ቡድኑ ቀጥሎ በነበሩት ሁለት ጨዋታዎች ተሸንፎ ከመጀመሪያው ዙር ተመልሷል። ስለዚህ የተረጋጋ ቡድን ሁልጊዜ ያሸንፋል ማለት አይቻልም። ሊባል የሚቻለው፣ መከራ በደረሰበት ጊዜ ያልተበተነ ቡድን የማሸነፍም የመማርም ዕድል እንደሚኖረው ነው።

4. ጥብቅነትና ቁጣ አንድ አይደሉም

አንዳንድ መምህራን «ካልተቆጡ ተማሪ አይታዘዝም» ይላሉ። ለዚህም በጥብቅነታቸው የታወቁትን የአትሌቲክስ አሠልጣኝ ወልደመስቀል ኮስትሬን በምሳሌነት ይጠቅሳሉ። በእርግጥ ዶክተር ወልደመስቀል በልምምድ ጉዳይ የማያወላውሉ ሰው ነበሩ። ነገር ግን ጥብቅነት የሚጠይቀው ነገር አስቀድሞ የታወቀ ነው። ሰዓቱ፣ መጠኑና ቅጣቱ ለሁሉም እኩል ነው። ቁጣ ግን መቼና በማን ላይ እንደሚወርድ አይታወቅም። ተማሪን የሚያሰንፈው የሥርዓቱ ጥብቅነት ሳይሆን የቁጣው አለመታወቅ ነው።

ይህን በቁጥር የሚያስረዳ አንድ ጥናት አለ። ጆን ዉደን የተባሉት የአሜሪካ ኮሌጅ የቅርጫት ኳስ አሠልጣኝ ቡድናቸውን በ12 ዓመት ውስጥ 10 ጊዜ ለአገር አቀፍ ሻምፒዮንነት ያበቁ ሰው ነበሩ። ሮላንድ ታርፕና ሮናልድ ጋሊሞር የተባሉ ሁለት የስነ ልቡና ሊቃውንት የዉደንን 15 ልምምዶች ተከታትለው 2326 የማስተማር ድርጊቶችን መዘገቡ። ከእነዚህ ሦስት አራተኛ ያህሉ «እንዲህ አድርግ፣ እንዲህ አታድርግ» የሚል ትምህርት ያዘሉ ነበሩ። ንጹሕ ምስጋናና ንጹሕ ተግሣጽ እያንዳንዳቸው ከመቶ 7 ያህል ብቻ ነበሩ። በተግሣጻቸው ውስጥ እንኳ ብዙውን ጊዜ ትክክለኛውን አሠራር መልሰው ያሳዩ ነበር። እንግዲህ ታላቁ አሠልጣኝ ብዙ የሚናገር ሰው ነበር፤ ንግግሩ ግን ስለ ሥራው እንጂ ስለ ተጫዋቹ ሰውነት አልነበረም።

የወጣቶች ቤዝቦል አሠልጣኞችን ያጠኑት ሮናልድ ስሚዝና ፍራንክ ስሞል ደግሞ ከባልደረባቸው ጋር በ1992 እ.ኤ.አ. ያወጡት ውጤት ለዕቅድ አውጪዎች ሊታወቅ ይገባል። የማበረታታትና የማረም ዘዴን አስቀድመው ከሠለጠኑ አሠልጣኞች ሥር ከነበሩት ልጆች በሚቀጥለው ዓመት ስፖርቱን የተዉት ከመቶ 5 ሲሆኑ፣ ካልሠለጠኑት ሥር ከነበሩት ግን ከመቶ 26 ናቸው። የሁለቱ ወገኖች ውጤት በማሸነፍና በመሸነፍ ረገድ ይህን ያህል አልተለያየም ነበር። ልዩነቱ በልጆቹ መቆየትና አለመቆየት ላይ ነው።

5. በምዕራብ ጎጃም ገጠር ያለው ሁኔታ

እነዚህን አሳቦች ወደ አካባቢያችን ስናመጣ ሦስት ነገሮችን ማሰብ ይገባል።

አንደኛ፣ የእርሻ ወራት ነው። ጤፍና በቆሎ በሚሰበሰብበት በኅዳርና በታኅሣሥ ከገጠር የሚመጡ ተማሪዎች ለቤተ ሰባቸው ሥራ ይፈለጋሉ። አንድ ተጫዋች ሁለት ልምምድ ቀርቶ በሦስተኛው ቢመጣ፣ ችኩል አሠልጣኝ በሁሉ ፊት ያዋርደዋል ወይም ያባርረዋል። የተረጋጋው ግን ምክንያቱን ለብቻው ይጠይቀዋል፤ ደንቡ በሚያዘው መሠረት ከመጀመሪያው ተሰላፊዎች ቢያስቀረውም ቦታውን አይዘጋበትም። የመጀመሪያው ልጅ ከቡድኑ ብቻ ሳይሆን ከትምህርት ቤቱም ሊርቅ ይችላል።

ሁለተኛ፣ በእንግድነት የሚደረግ ጨዋታ ነው። ለምሳሌ የፍኖተ ሰላም ተማሪዎች በማንኩሳ አልፈው ቡሬ ለመጫወት ቢሄዱ፣ ሜዳው የሌላ ነው፤ ተመልካቹ የሌላ ነው፤ በዳኛው ውሳኔም ቅሬታ ሊነሣ ይችላል። አሠልጣኙ በዳኛው ላይ ቢጮኽ፣ ከእርሱ በኋላ የሚጮኸው ተጫዋቹ፣ ከተጫዋቹም በኋላ ደጋፊው ነው። አምበሉ ብቻ በትሕትና ዳኛውን እንዲያነጋግር ያስተማረ አሠልጣኝ ግን ለሁለቱም ከተሞች ሰላም አትርፏል። ይህ አሳብ ለአገሩ ሰው እንግዳ አይደለም። በገና ጨዋታ ላይ ጌታው እንኳ በሎሌው እንዳይቆጣ የሚከለክለው ልማድ ከአያቶቻችን የወረስነው ነው። በወንፈልና በደቦም ቢሆን ሥራውን የሚመራው ሰው ራሱ ከፊት ሆኖ እያጨደ ያበረታታል እንጂ ዳር ቆሞ አይሳደብም።

ሦስተኛ፣ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በደረሰው ግጭት ምክንያት ትምህርት በብዙ ቦታ ተቋርጦ፣ ብዙ ልጆች ከትምህርት ገበታ ተለይተዋል። ፍርሃትና ጩኸት ያየ ልጅ ወደ ትምህርት ቤት ሲመለስ የሚያስፈልገው በመጀመሪያ የታወቀ ሰዓት፣ የታወቀ ደንብና ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚናገር ታላቅ ሰው ነው። በሳምንት ሁለት ቀን የሚደረግ የኳስ ልምምድ፣ አሠልጣኙ ጠባዩን የሚገዛ ከሆነ፣ ይህን ሊሰጠው ይችላል። ካልሆነ ግን ልጁ የሸሸውን ነገር በሜዳው ላይ እንደገና ያገኘዋል።

6. ምን ሊደረግ ይቻላል?

ሀ. መምህሩ ራሱን ይመርምር። አንድ የሥራ ባልደረባ በሜዳው ዳር ተቀምጦ ለ30 ደቂቃ የአሠልጣኙን ንግግር በሦስት ዐምድ በጭረት ይመዝግብ፤ እነርሱም ትምህርት፣ ምስጋናና ተግሣጽ ናቸው። ለዚህ ወረቀትና እርሳስ እንጂ ሌላ ወጪ አያስፈልግም። ተግሣጹ ከትምህርቱ ከበለጠ፣ መምህሩ በሚቀጥለው ልምምድ እያንዳንዱን ተግሣጽ በአንድ የማረሚያ ቃል እንዲያስከትል ይለማመድ።

ለ. አምበሉ የእውነት ሥራ ይሰጠው። ማሟሟቂያውን ይምራ፤ በልምምድ ላይ በሚደረግ ግጥሚያ አሠልጣኙ ለ10 ደቂቃ ዝም ብሎ ተጫዋቾቹ ራሳቸው አሰላለፋቸውን ያርሙ። አምበል ለመሆን ኳስ ማወቅ ብቻ አይበቃም፤ በተሸነፉ ጊዜ ጓደኞቹ የሚሰሙት መሆን አለበት። ይህ ለሴቶች ቡድንም እንዲሁ ነው።

ሐ. በዕረፍት ጊዜ አሠልጣኙ በመጀመሪያ ውሃ እስኪጠጡ ዝም ይበል፤ ቀጥሎ ተጫዋቾቹ ያዩትን ይጠይቅ፤ በመጨረሻ ከሁለት የማይበልጥ ትእዛዝ ይስጥ። ልቡ ለተናደደ ሰው ይህ ቅደም ተከተል ልጓም ይሆነዋል።

መ. በሥልጠና በኩል፣ የፍኖተ ሰላም መምህራን ትምህርት ኮሌጅን የመሰሉ ተቋማት ለዕጩ የስፖርት መምህራን ከጨዋታ ሕግና ከሰውነት እንቅስቃሴ ትምህርት ጎን የአሠልጣኝ ምግባርን በተግባር ልምምድ ቢያስተምሩ ይጠቅማል።

ሠ. በምዘና በኩል፣ የወረዳና የዞን ጽሕፈት ቤቶች የአንድን አሠልጣኝ ሥራ ባገኘው ዋንጫ ብቻ አይመዝኑ። በመስከረም ከተመዘገቡት ተጫዋቾች በሰኔ ስንቱ በቡድኑም በክፍላቸውም እንዳሉ ይጠይቁ። ይህ ቁጥር በየትምህርት ቤቱ በቀላሉ ይገኛል፤ የአሠልጣኙንም ጠባይ ከማንኛውም ሪፖርት ይልቅ ይናገራል።

ማጠቃለያ

የፍኖተ ሰላሙ ዳሞትና የቡሬው ሽኩዳድ ትምህርት ቤቶች፣ በየገጠሩም ያሉት ታናናሾቻቸው፣ ከሚያሠለጥኗቸው ተጫዋቾች መካከል ለክለብ የሚበቁት ጥቂቶች ናቸው። የቀሩት ገበሬ፣ ነጋዴ፣ ጤና ረዳት፣ መምህር ይሆናሉ፤ ሁሉም በየተራቸው ሌላ ሰው ይመራሉ። ጓደኛቸው ሲሳሳት እንዴት እንደሚያርሙት የሚማሩት፣ እነርሱ ራሳቸው በተሳሳቱ ጊዜ አሠልጣኛቸው እንዴት እንዳረማቸው በማየት ነው። ስለዚህ የስፖርት መምህሩን ጠባይ ማረምና መደገፍ ከትምህርት ሥራው ዋና ክፍሎች እንደ አንዱ ሊቈጠር ይገባል።