ጀርባው ገና ነው

ፍኖተ ሰላምም ሆነ ቡሬ ገበያ ላይ ፈረስ የሚሸጥ ሰው መጀመሪያ የሚያሳየው ቁመናውን ነው። አንገቱን እዩልኝ፣ ደረቱን እዩልኝ ይላል። እውነቱንም ነው፤ የሦስት ዓመት ድንጉላ እግሩ ረዝሞ፣ ደረቱ ሰፍቶ ሲታይ የደረሰ ይመስላል። ገዢውም ኮርቻ የሚጭንበትን ቀን ማስላት ይጀምራል፤ በተለይ ጥር ከተቃረበ። ጥምቀት አለ፣ ሠርግ አለ። ከቡሬ አለፍ ብሎ እንጅባራ ላይ ደግሞ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን ጥር 23 ያከብራል።

እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። በዓሉ ሲያልፍ ወደ እኔ ከሚመጡት ፈረሶች መካከል ወገባቸው ሲነካ የሚሸሹ፣ ኮርቻ ሲያዩ ጆሯቸውን ወደኋላ የሚጥሉ ለጋዎች አይጠፉም። ባለቤቶቹ ዓመል አወጣ ይላሉ። እኔ አመመው እላለሁ።

የፈረስ አጥንት የሚጠነክረው ከታች ወደ ላይ ነው ማለት ይቻላል። በየአጥንቱ ጫፍ አጥንቱን የሚያስረዝም ለጋ ክፍል አለ፤ ዕድገቱ ሲያበቃ ይደነድናል። ከሰኮናው በላይ ያሉት አጫጭር አጥንቶች በአንድ ዓመት ገደማ ይዘጋሉ። ከፊት ጉልበቱ በላይ ያለው እስከ ሁለት ዓመት ተኩል ይቆያል። አከርካሪው ግን አምስት ዓመት ተኩል አካባቢ፣ አንዳንዴም ከዚያ አልፎ ነው የሚያበቃው። እንግዲህ እኛ የምንቀመጥበት ቦታ ከሁሉ በኋላ የሚበስለው ነው። ምኒልክን አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ እያልን ሰውን በፈረሱ ስም የምንጠራ ሰዎች፣ የፈረሱን ዕድሜ ለመጠየቅ ግን እንሰንፋለን።

ዕድሜውን ለማወቅ አፉን መክፈት በቂ ነው። የፊት የወተት ጥርስ ትንሽ፣ ነጭና ከድዱ ጋር ሲገናኝ ቀጠን ያለ ነው፤ ቋሚው ሰፋ ብሎ ወደ ቢጫ ያደላል። የመሃል ሁለቱ በሁለት ዓመት ተኩል፣ ከእነሱ ቀጥሎ ያሉት በሦስት ተኩል፣ የዳሮቹ በአራት ተኩል ገደማ ይቀየራሉ፤ ከላይም ከታችም።

አንድ የጃቢ ጠህናን አርሶ አደር ዳማ ፈረሳቸውን እየጎተቱ መጡ።

«ዶክተር፣ ይኼ ፈረስ አስቸገረኝ፤ ልጓም ሲያይ ራሱን ሽቅብ ይሰቅላል።»

«ስንት ዓመቱ ነው አባቴ?»

«ኧረ ትልቅ ነው! የዛሬ ሦስት ዓመት ክረምት ነው የተወለደ።»

አፉን ስከፍተው ሊወድቅ የደረሰ የወተት መንጋጋ አዲሱ ጥርስ ላይ ተንጠልጥሎ ድዱን ይወጋል። ልጓሙ የሚያርፍበት ጥርስ አልባው ድድ ቆስሏል። የእኛ አገር ነባር ልጓም ከአገጭ ሥር የሚዞር የብረት ቀለበት ስላለው ዛቡ ትንሽ ሲሳብ አፍንም አገጭንም ባንድ ጊዜ ይይዛል፤ ለጦር ሜዳ የተሠራ መሣሪያ ነው፣ ጥርስ ለሚቀይር ልጅ አይሆንም። ጥርሱን አወጣሁለት፤ ቁስሉ እስኪሽር ልጓም እንዳያጎርሱት፣ በልባብ ብቻ እንዲመሩት ነገርኳቸው።

ይህን ስል ግን ፈረሱን እስከ አምስት ዓመቱ ደጅ እሰሩት ማለቴ አይደለም። እንዲያውም ከሁሉ የከፋው ዓመቱን ሙሉ ካስማ ላይ ከርሞ በአንድ ቀን ሽምጥ የሚጋለበው ነው። አጥንትም ጅማትም የሚጠነክሩት በልክ ሲሠሩ ነው። ባዝራዋን ተከትሎ ገበያ ደርሶ የሚመለስ ውርንጭላ ጥሩ ትምህርት ቤት ገብቷል፤ ድልድይ ያውቃል፣ ባጃጅ አያስደነግጠውም። በሁለት ዓመቱ በልባብ መመራትና እግሩን ለሰው መስጠት ይልመድ። በሦስት ዓመቱ ግላስና ባዶ ኮርቻ ተሸክሞ ይሂድ። ሰው የሚወጣበት ከዚያ በኋላ ነው፤ መጀመሪያ ቀላል ልጅ፣ አጭር መንገድ፣ እርምጃ ብቻ። አራት ሲሞላው ሶምሶማ ይጨመራል። ጉግስና ሽምጥ ግልቢያ የዳር ጥርሶቹ እስኪቀየሩ ይቆዩ። ድንገት መዞርና ድንገት መቆም ወገብና ቁርጭምጭሚት ይጎዳሉና።

ክብደቱም ይታሰብ። ተሸካሚው ጤነኛና የደረሰ ፈረስ እንኳ ቢሆን ጋላቢው ከነኮርቻው ከፈረሱ ክብደት 20 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል፤ ወደ 25 በመቶ ሲጠጋ የጡንቻ ሕመም ይጀምራል። ሚዛን የለም አትበሉ፤ የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ከፊት እግሮቹ ኋላ የደረቱን ዙሪያ ለኩ፤ ቁጥሩን በራሱ አባዙት። ከትከሻው ጫፍ እስከ ቂጡ ጫፍ ያለውን ርዝመት ደግሞ አባዙበት፤ የተገኘውን ለ11,880 አካፍሉት። ዙሪያው 140፣ ርዝመቱ 125 ሳንቲ ሜትር የሆነ ፈረስ 206 ኪሎ ገደማ ይወጣዋል። ሃያ በመቶው 41 ኪሎ ነው። እንግዲህ ጎበዙ ራሱን ይመዝን፤ ጋቢና ኮርቻውን ሳይረሳ።

በበዓል ቀን ፈረሱን ሳይጋልቡ አጅቦ መሄድም ክብር ነው። ዘንድሮ ፈረስ የምትገዙ፣ ገንዘብ ከመቁጠራችሁ በፊት አፉን አስከፍቱት። የዳር ጥርሶቹ ገና የወተት ከሆኑ በለጋ ዋጋ ግዙት፤ ለዚህ ጥርም ሳትጋልቡት በልባብ እየመራችሁ ውሰዱት።