ከፕላዝማ እስከ ቻትጂፒቲ

በ1990ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ በአገራችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ያስተማረ ሰው «ፕላዝማ»ን፣ የቴሌቪዥን ትምህርቱን፣ አይረሳም። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በሳተላይት ይመጣ ነበር፤ በእንግሊዝኛ፣ ያውም በጥድፊያ። ለመምህሩ መግቢያና መዝጊያው ላይ ጥቂት ደቂቃ ትተርፈዋለች። ተማሪው ገልብጦ ሳይጨርስ ምስሉ ያልፋል፤ አቁሞ ማስረዳት የለም። በገዛ ክፍሉ እንግዳ መሆን እንዴት አያስከፋ! ሰው ሠራሽ አስተውሎት (ኤአይ) በመምህራን የሥነ ልቦና ጽናት ላይ ስላለው ጫና በተነሳ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ይኸው ነው።

ጽናት ዝም ብሎ መቻል አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ 300 መምህራንን ያካተተ ጥናት የሠሩት ክሪስቶፈር ዴይና ቺንግ ጉ፣ ጽናት ከርእሰ መምህር፣ ከባልደረባና ከተማሪ ጋር ባለ ግንኙነት እንደሚጠነክር ወይም እንደሚላላ ጽፈዋል። ተቃራኒው መዛል ነው። ክሪስቲና ማስላክና ሱዛን ጃክሰን እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጡት መለኪያ ሦስት ገጽ አለው፦ የስሜት መሟጠጥ፣ ከሰው መራቅ፣ «ምን ሠራሁና» ማለት።

የመጀመሪያውን፣ የስሜት መሟጠጡን፣ ኤአይ ሳያቀለው አይቀርም። እንግሊዝ ውስጥ በተደረገ ሙከራ ቻትጂፒቲን ከመመሪያ ጋር የተጠቀሙ የሳይንስ መምህራን ለትምህርት ዝግጅት የሚያጠፉት ጊዜ በ31 በመቶ ቀንሷል። የተረፈችውን ሰዓት ሌላ ቅጽ መሙላት ካልበላት፣ መልካም ነው።

የሚከብደው ጥርጣሬው ነው። ማታ 60 ድርሰት ፊቱ የቆለለ መምህር አስቡ። ድሮ ኩረጃን ከሁለት ወረቀት ተመሳሳይ ስህተት ይለይ ነበር። አሁን ስህተት የሌለበት ወረቀት ሲገጥመው ደስ ከመሰኘት ይልቅ «ማሽን ጽፎት ይሆን?» ብሎ ይጠረጥራል። ከተማሪው መራቅ እንዲህ ይጀምራል። የማሽን ጽሑፍ መለያ ሶፍትዌሩም አይታመን፦ የስታንፎርድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 ሰባት መለያዎችን ፈትነው፣ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች ከጻፏቸው የቶፍል (የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና) ድርሰቶች በአማካይ 61 በመቶውን «የማሽን ነው» ሲሉ አገኟቸው። ኦፕንኤአይም የራሱን መለያ በዚያው ዓመት ዘግቷል። እንግሊዝኛን ከመጽሐፍ ለሚማረው ለእኛ ልጅ ይህ ስህተት ሩቅ አይደለም፤ ያላጠፋውን ልጅ የቀጣ መምህርም እንቅልፍ አይወስደውም።

ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2024 ለመምህራን 15 የኤአይ ብቃቶችን የዘረዘረ ማዕቀፍ አውጥቷል። ሥልጠናው ይምጣ፤ ግን ወሳኙ ኤአይን መቼ እንደሚጠቀምና መቼ እንደሚዘጋው የሚወስነው መምህሩ መሆኑ ነው። ኤአይ ለትምህርት ቤታችሁ ልታስገቡ ያሰባችሁ ኃላፊዎች፣ ውል ከመፈረማችሁ በፊት በፕላዝማ ዘመን ያስተማረ አንድ መምህር ጠርታችሁ አነጋግሩ።