አንድን ልጅ ለዓመታት የሚከተል መረጃ

በጊንጪና በአምቦ ላላችሁ መምህራንና ወጣት ተመራማሪዎች፦ ‘ያንግ ላይቭስ’ የተባለው ጥናት እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በኢትዮጵያ 3,000 ያህል ልጆችን በተለያዩ ዙሮች እየተመላለሰ ጠይቋል። ኦሮሚያም ከጥናቱ ክልሎች አንዱ ነው። መረጃው ተመዝግቦ ለሚጠይቅ ተመራማሪ ክፍት ነው።

የሚያስቸግረው አጠቃቀሙ ነው። ስልጠና ላይ ረጅሙን ሰዓት የምሰጠው የየዙሩን ፋይል በልጁ መለያ ቁጥር ለማያያዝ ነው። ቀጥሎ በኋለኞቹ ዙሮች ከመረጃው የጠፉትን ልጆች ለዩ። የተቸገሩት ከጥናቱ ከወጡ፣ የቀሩት አማካይ ውጤት ከእውነቱ የተሻለ ይመስላል። ይህን ሳያዩ የሚጻፍ ድምዳሜ ያሳዝነኛል፤ የሚረሱት እነዚያው ልጆች ናቸውና።

የጥናቱ ቦታዎች የተመረጡት ድህነት ላይ በማተኮር እንጂ አገሪቱን እንዲወክሉ አይደለም። ስለዚህ ‘ከኢትዮጵያ ልጆች ይህን ያህል በመቶ’ ብላችሁ አትጻፉ። የመረጃ መተንተኛ ሶፍትዌር ከመክፈታችሁ በፊትም የየዙሩን መጠይቅ አንብቡ።