የካይሮ ሁለት መጻሕፍት፤ ስለ እስልምና በአደባባይ የተደረገ ክርክር (1925–1927)

አንድ ሕዝብ የሚያምንበትን ነገር ከመካከሉ የተነሣ ሰው ሲመረምረው፥ ማኅበሩ ሁለት መንገዶች አሉት። አንደኛው በጽሑፍ መልስ መስጠት ነው፤ ሁለተኛው ጸሐፊውን መቅጣት ነው። በግብጽ አገር ከ1925 እስከ 1927 የተነሣው ክርክር ሁለቱ መንገዶች ጐን ለጐን የታዩበት ስለ ሆነ፥ የማኅበራዊ ኑሮን ሥርዓት ለሚያጠና ሰው ብዙ ያስተምራል። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የቱርክ ታላቁ የሕዝብ ሸንጎ ማርች 3 ቀን 1924 ኸሊፋነትን ሻረ። ማዕርጉ ከእንግዲህ ለማን ይገባል የሚለው ጥያቄ በሙስሊም አገሮች ሲነሣ፥ የግብጹ ንጉሥ ፉአድ ይመኙታል ይባል ነበር። በዚህ ጊዜ ከአዝሃር የተመረቁት የሸሪዓ ዳኛ ሼኽ ዓሊ ዐብዱራዚቅ «እስልምናና የመንግሥት አስተዳደር መሠረቶች» የተባለውን መጽሐፍ በ1925 አሳተሙ። ፍሬ ነገሩም ኸሊፋነት የሃይማኖት ግዴታ አይደለም፤ የነቢዩም ተልእኮ መንፈሳዊ እንጂ መንግሥት ለማቋቋም አልነበረም የሚል ነው።

የአዝሃር ታላላቅ ዑለማ ጉባኤ ኦገስት 12 ቀን 1925 ጸሐፊውን መርምሮ ከዑለማ ማኅበር አስወጣቸው፤ ከዳኝነታቸውም ተሻሩ። ጉባኤው የተደገፈበት የ1911 ሕግ ለሊቅነት ክብር የማይገባ ሥራ የሚሠራውን ዓሊም ለመቅጣት የወጣ ነበር። ስለዚህ «ሐሳብ እንደ ነውር ሥራ ይቈጠራልን?» የሚል ከባድ ጥያቄ ተነሣ። የፍርድ ሚኒስትሩ ዐብዱልዐዚዝ ፋህሚ ውሳኔውን ለመፈጸም ስላመነቱ ከሹመታቸው ተነሡ፤ የፓርቲያቸው ባልደረቦችም ሚኒስትርነታቸውን ለቀቁ።

ሁለተኛው ጉዳይ የዩኒቨርሲቲው መምህር የጣሃ ሑሴን ነው። እኒህ ዓይነ ስውር ሊቅ በ1926 ባሳተሙት መጽሐፍ፥ ከእስልምና በፊት ተገጠመ የሚባለው የዐረብ ቅኔ አብዛኛው በኋላ ዘመን የተፈጠረ ነው አሉ። ቁጣውን ያነሣሣው ግን የአብርሃምና የእስማኤል ስም በኦሪትና በቁርኣን መጠራቱ ብቻውን ለታሪክ ማስረጃ አይበቃም ማለታቸው ነው። ክስ ቀረበባቸው። ዐቃቤ ሕጉ ሙሐመድ ኑር በማርች 1927 በሰጡት ውሳኔ የደራሲውን የአመራመር ስልት ነቀፉ፤ ሆኖም ሃይማኖትን ለመድፈር የታሰበ ክፋት ስላላገኙ መዝገቡን ዘጉ። መጽሐፉም በ1927 አስነቃፊው ክፍል ወጥቶለት፥ ሌላ ክፍልም ተጨምሮበት፥ በሌላ ስም ታተመ።

የሁለቱ ጉዳዮች ፍጻሜ የተለያየው ፈራጁ ስለ ተለያየ ነው። ጉባኤው የማኅበሩን አባል በማኅበሩ ሥርዓት መዘነ፤ ዐቃቤ ሕጉ ግን የወንጀል ሐሳብ መኖሩን መመርመር ነበረበት። የ1923 ሕገ መንግሥትም የሐሳብን ነጻነት በሕግ ወሰን ውስጥ ሲያጸና፥ እስልምናን የመንግሥት ሃይማኖት አድርጎ ነበር። ወሰኑ የት ነው የሚለው ግን ለክርክር ተተወ።

ሁለቱንም መጻሕፍት እየተከታተሉ በመጽሐፍ የመለሱ ሊቅም ነበሩ፤ እርሳቸውም በ1952 የአዝሃር ሼኽ የሆኑት ሙሐመድ አልኺድር ሑሴን ናቸው። ይህ «ረድ» የተባለው የመልስ ልማድ በእስልምና ትምህርት ውስጥ ጥንታዊ ነው። የተነቀፉትም ኋላ ተሾሙ፤ ዐብዱራዚቅ በ1947 የአውቃፍ ሚኒስትር፥ ጣሃ ሑሴን በ1950 የትምህርት ሚኒስትር ሆኑ።

ይሁን እንጂ ነገሩ በዚህ አላበቃም። ፈረጅ ፎዳ በጃንዋሪ 1992 በካይሮ የመጽሐፍ ትርኢት በአደባባይ ተከራክረው፥ በጁን ወር ተገደሉ። በ1995 ደግሞ የካይሮ ይግባኝ ፍርድ ቤት ስለ ቁርኣን አተረጓጐም የጻፉትን ናስር ሐሚድ አቡ ዘይድን ከሃዲ ብሎ ጋብቻቸውን አፈረሰ፤ ባልና ሚስቱም ተሰደዱ።

ከዚህ የምንረዳው፥ በአማኞች ማኅበር ውስጥ ነቀፋ መልስ ማግኘቱ እንግዳ ነገር አለመሆኑን ነው። እንግዳ የሚሆነው መልሱ ከብዕር ወደ ቅጣት ሲያልፍ ነው፤ ያን ጊዜ የተነቀፈው ሐሳብ ሳይረታ፥ የረቺውም ማስረጃ ሳይመዘን ይቀራልና።