ከቅኔ ጉባኤ እስከ ስልክ ቀረጻ

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ኮሶዬና በዙሪያዋ ደጋ የሚያድግ ልጅ የመጀመሪያ ደረጃን በአማርኛ ተምሮ 9ኛ ክፍል ሲደርስ የትምህርቱ ቋንቋ እንግሊዝኛ ይሆንበታል። ቋንቋውን ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ ቢማረውም የሚናገርበት ቦታ አላገኘም። ብሔራዊ ፈተናውም የምርጫ ጥያቄ ነው፤ ንግግር አይመዘንበትም። ሰዋስው እያወቀ አፉን ከፍቶ መናገር የሚያፍር ተማሪ የበዛው በዚህ ምክንያት ነው።

በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሳተላይት ትምህርት፣ በተለምዶ «ፕላዝማ» የሚባለው፣ እንግሊዝኛን በየክፍሉ አሰምቷል። ተናጋሪው ግን ቴሌቪዥኑ ነበር፤ ንግግሩ ሲፈጥንበት ተማሪው «ይድገሙልኝ» ሊለው አይችልም ነበር። ዲጂታል ትረካ በሚባለው ዘዴ ግን ተናጋሪው ተማሪው ራሱ ነው። ዘዴውን ያስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1994 ጆ ላምበርትና ባልደረቦቹ በሳን ፍራንሲስኮ ያቋቋሙት ማዕከል ነው። ተራኪው የራሱን ገጠመኝ ባጭሩ ይጽፋል፣ በገዛ ድምፁ ይቀርጻል፣ ከፎቶግራፎች ጋር አቀናጅቶ የሁለት ሦስት ደቂቃ ቪዲዮ ያደርገዋል።

ትልቁ ጥቅም ያለው በልምምዱ ላይ ነው። 60 ተማሪ ባለበት ክፍል የ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ ለንግግር ብቻ ቢውል እንኳ ለአንዱ አንድ ደቂቃ አይደርሰውም። በስልክ የሚቀርጽ ተማሪ ግን ብቻውን ተቀምጦ ድምፁን ይሰማል፣ የተደነቃቀፈበትን ያርማል፣ እስኪጥመው ይደጋግማል። ይህ ለጎንደር አዲስ ነገር አይደለም። የቅኔ ተማሪ ቀን ሲቆጥር የዋለውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ያርመዋል፤ የታረመውን ይዞ በጉባኤ ፊት ይቆማል። የዘመኑ የቋንቋ ክፍል ያጣው ይህንኑ ሥርዓት ነው።

ለትረካ የሚሆን ነገር በደጋው ሞልቷል፦ የገብስ ማሳን ከጭላዳ መጠበቅ፣ ስንቅ ተሸክሞ ወደ ትምህርት ቤት መሄድ፣ የአያት ተረት። ደራሲዋ ኤልሳቤጥ ሌርድም ከብሪቲሽ ካውንስል ጋር በየክልሉ ተረት አሰባስባ በቀላል እንግሊዝኛ አቅርባለች፤ ለጀማሪ ጥሩ መነሻ ነው።

በቃል ተይዞ የተቀረጸ ንባብ ግን ጭውውት አይሆንም። ስለዚህ ቪዲዮው ከታየ በኋላ ተራኪውን ጓደኞቹ ሊጠይቁት፣ እሱም ሳይዘጋጅ ሊመልስ ይገባል፤ ይህ ከቀረ ሥራው ጎዶሎ ነው። ለዚህ ሁሉ ኢንተርኔት የግድ አያስፈልግም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ሲቋረጥ እንኳ ስልክ መቅረጹን፣ በብሉቱዝ ማስተላለፉንም አላቆመም። ስልክ የሌለው ተማሪም በቡድን ከጓደኞቹ ጋር ሊሠራ ይችላል። የክልሉ ትምህርት ቢሮና ትምህርት ቤቶች ከተከታታይ ምዘናው ላይ ለንግግር ነጥብ ይመድቡ፤ ነጥብ ያልተሰጠው ትረካ ከአንድ ትጉህ መምህር ክፍል አያልፍም።