ቮልስ ኩርባ ላይ ሲያጋድል

ከዲላ ተነስቶ በወናጎ በኩል ወደ ይርጋጨፌ የሚወጣው አስፋልት ብዙ ርቀት ቀጥ ብሎ አይሄድም። አንዱን ጉብታ ዞሮ ሳይጨርስ ሌላው ይመጣል፤ ግራና ቀኙ በእንሰትና በቡና የተሸፈነ ተዳፋት ነው። ይህንኑ የጌዴኦ መልክዓ ምድር ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ሾፌር ግን ተዳፋቱን የሚያውቀው በትከሻው ነው፤ ተሳፋሪም አጠገቡ ባለው ሰው ላይ ተደግፎ "ይቅርታ" ሲል።

በዚህ መንገድ ላይ አንድ የቆየ ቮልስ እንበል። ቮልስ ለኢትዮጵያውያን መተዋወቂያ የሚያስፈልገው መኪና አይደለም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስ ነበር። ዛሬም በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ከባለቤቱ ጋር ያረጀ ቮልስ ማየት ብርቅ አይደለም። የእሽቅድምድም መኪና ነው ማለት ግን ያስቃል። ይሁንና የመጀመሪያው ፖርሽ 356 እ.ኤ.አ. በ1948 የተሠራው በቮልስ ዕቃዎች ነው፤ ውቡ ካርማን ጊያም የተቀመጠው በቮልስ ወለል ላይ ነው። ስለዚህ የድሮ ስፖርት መኪና ኩርባ ላይ እንዳያጋድል ምን ይደረጋል ለሚለው ጥያቄ፣ ደጃፋችን ላይ ከቆመው ቮልስ የተሻለ አስተማሪ የለም።

ማጋደሉ ከየት ይመጣል? ጎማዎቹ አስፋልቱን ይዘው ሲታጠፉ፣ ከላያቸው ያለው አካል በነበረበት አቅጣጫ ሊቀጥል ይፈልጋል። የመኪናው የክብደት ማዕከል ደግሞ ከመሬት ከፍ ያለ ስለሆነ አካሉ ወደ ኩርባው ውጭ ይዘነበላል። ፍጥነት እዚህ ላይ ጨካኝ ነው። ከመሃሉ እስከ መንገዱ 60 ሜትር በሆነ ኩርባ ላይ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚነዳ መኪና፣ የራሱን ክብደት ግማሽ ሊያህል ጥቂት በቀረው ኃይል ወደ ጎን ይገፋል። ፍጥነቱ ወደ 40 ሲወርድ ግን ግፊቱ ከግማሽ በታች ይሆናል። ከዚህ የሚረክስ ማሻሻያ በየትኛውም ጋራዥ አይገኝም።

አብዛኛው የቆየ ቮልስ ከፊት በኩል ሞላም ባሌስትራም የለውም። ጎማውን የሚሸከሙት በሁለት ቱቦዎች ውስጥ የተኙ፣ ሲጫኑ የሚጠመዘዙ የብረት ዘንጎች ናቸው። ብዙዎች የሚያወሩለት ስታቢላይዘርም የሚሠራው በዚሁ ብልሃት ነው። የቀኙንና የግራውን ጎማ የሚያገናኝ የታጠፈ ዘንግ ሲሆን፣ ሁለቱ ጎማዎች እኩል ሲነሱ ምንም አይሠራም። አንዱ ብቻ ሲነሳ ግን፣ እርጥብ ነጠላ በሁለት እጅ ይዞ እንደመጠምዘዝ ዘንጉ ይጠመዘዛል፤ መጠምዘዙን ስለሚቃወምም አካሉ እንዳይዘነበል ይይዘዋል። ካርማን ጊያ እ.ኤ.አ. በ1955 ሲወጣ የፊት ስታቢላይዘር ነበረው። ተራው ቮልስ ይህንኑ ያገኘው ከ1960 ሞዴል ጀምሮ ነው።

ስታቢላይዘር የሚለውጥ ሰው አንድ ነገር ይወቅ። የአንድ ወጥ ዘንግ ጥንካሬ በውፍረቱ አራተኛ ርቢ ነው የሚያድገው። 19 ሚሊ ሜትር የነበረውን በ22 ቢተኩት፣ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ወፍሮ ጥንካሬው 80 በመቶ ገደማ ይጨምራል። "ትንሽ ወፈር ያለ" የሚባል ነገር የለም ማለት ይቻላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀጥሎ ነው። ስታቢላይዘርም ሆነ ጠንካራ ሞላ ማጋደልን ይቀንሳል እንጂ ክብደት ወደ ውጨኛው ጎማ እንዳይሄድ አያግድም። የሚሸጋገረውን ክብደት የሚወስኑት የክብደት ማዕከሉ ከፍታ፣ በግራና በቀኝ ጎማ መካከል ያለው ስፋትና የመታጠፊያው ፍጥነት ናቸው። ዘንጉ የሚያደርገው ሸክሙን በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ማከፋፈል ነው። የፊቱ ሲጠነክር የፊት ውጨኛው ጎማ ብዙ ይሸከማል፤ ቀድሞ የሚንሸራተተውም የፊቱ ይሆናል። የኋላው ሲጠነክር መኪናው ጀርባውን መጣል ይጀምራል። በቮልስ ላይ ይህ ጨዋታ አይደለም፤ ሞተሩ ከኋላ ነው፣ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ የሆነውም እዚያው ነው።

አብዛኞቹ የቆዩ ቮልሶች ደግሞ ሌላ አመል አላቸው። የኋላ ጎማዎቻቸው የሚወዛወዙት ማርሽ ሳጥኑ ጎን ባለ አንድ መጋጠሚያ ብቻ ነው። ሾፌሩ ኩርባ ውስጥ ደንግጦ እግሩን ከነዳጅ ላይ ሲያነሳ የመኪናው ጀርባ ከፍ ይላል፤ ያኔ ውጨኛው ጎማ ወደ ውስጥ ይታጠፍና በጠርዙ መቆም ይጀምራል። ጎማው መሬት የሚይዝበት ገጽ በአንድ ጊዜ ይጠባል። ፖርሽ ይህን ስላወቀ እ.ኤ.አ. በ1960 ባወጣው 356 ሱፐር 90 ላይ ከኋላ የሚያመጣጥን ባሌስትራ ጨመረ። ቮልስዋገንም እ.ኤ.አ. በ1967 ሞዴሉ ላይ ተመሳሳይ ተግባር ያለው ዘንግ አስገባ። ሁለቱም የተገጠሙት ማጋደልን ለመከላከል ሳይሆን ጎማው እንዳይታጠፍ ነው። በእንዲህ ያለ መኪና ላይ ከኋላ ወፍራም ስታቢላይዘር መግጠም፣ ቁመናውን አሳምሮ ገደል አፋፍ ላይ እንደማስቀመጥ ነው።

አሜሪካውያን ይህን በውድ ዋጋ ተምረዋል። ሞተሩ ከኋላ የሆነው ሸቭሮሌት ኮርቬር እ.ኤ.አ. በ1960 ሞዴሉ የፊት ስታቢላይዘር አልነበረውም። የተገጠመለት በ1964 ሞዴሉ ነው። ጠበቃው ራልፍ ናደር የመኪናዎችን የደህንነት ጉድለት ተችቶ በ1965 ባሳተመው ዝነኛ መጽሐፍ የመጀመሪያውን ምዕራፍ የሰጠው ለዚሁ መኪና ነበር።

ታዲያ ዲላ ላይ ያረጀ መኪና የያዘ ሰው ከየት ይጀምር? ከአዲስ ዕቃ አይጀምርም። የመጀመሪያው ሥራ ያለውን መመለስ ነው። ዓመታት ያደረቁት ጎሚኒ ዘንጉን ያላላል፤ የሞተ ሾክ አብዞርበር መወዛወዙን አያቆምም። የመኪናውን አንድ ጥግ በእጅ ጫን አድርጎ መልቀቅ ጥሩ መለኪያ ነው፤ አንዴ ተነስቶ ከቆመ ሾኩ በሕይወት አለ፣ ደጋግሞ ከዘለለ አልቋል። ሾክ ማጋደሉ በምን ፍጥነት እንደሚመጣ ነው የሚቆጣጠረው፤ የመጨረሻውን ማዕዘን አይቀይርም። ሆኖም ግራ ቀኝ ተለዋውጠው በሚመጡ ኩርባዎች ላይ፣ ወናጎን አልፎ እንዳሉት ማለት ነው፣ ልዩነቱ ወዲያው ይሰማል።

ጎማ ቀጥሎ ይመጣል። የቮልስ አምራች መመሪያ የኋላው ጎማ ከፊተኛው ይልቅ ብዙ ነፋስ እንዲሞላ ያዛል። አራቱንም እኩል ሞልቶ መሄድ ከሁሉ የቀለለ ስህተት ነው፤ ያንን ከባድ ጀርባ የሚሸከመውን ጎማ ያላላዋል።

መኪናውን ዝቅ ማድረግስ? የክብደት ማዕከሉ ስለሚወርድ ማጋደሉ በእርግጥ ይቀንሳል፤ የስፖርት መኪና ወዳጆችም ይወዱታል። ጌዴኦ ውስጥ ግን አስፋልቱን ለቆ ወደ ቡና መፈልፈያ ጣቢያ በሚወስደው መንገድ መግባት ብርቅ አይደለም፤ ዝናብ የመታው ቀይ አፈር ደግሞ ሆዱ መሬት የነካን መኪና አይምርም። እዚህ ላይ የምሥራቅ አፍሪካው ሳፋሪ ራሊ ትምህርት ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ1962 ቶሚ ፍያስታድ ያሸነፈው በቮልስ ነበር። በ1971 እና በ1973 ደግሞ ዳትሰን 240ዜድ የተባለው እውነተኛ ስፖርት መኪና፣ በኤድጋር ኸርማንና በሼካር መህታ መሪነት አሸንፏል። ለሳፋሪ የሚዘጋጁ መኪናዎች ከመሬት ከፍ ብለው ነው የሚሰናዱት። ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ እንዲወጣ ቦታ ያስፈልገዋል፤ ደረቅ አድርጎ የታሰረ መኪና ጉድጓድ ላይ ይዘላል፣ የዘለለ ጎማ ደግሞ አይዝም። ስለዚህ ለእንዲህ ያለው መንገድ ትንሽ ማጋደልን ተቀብሎ መንዳት የተሻለ ስምምነት ነው።

ጎሚኒው ታድሶ፣ ሾኩ ተቀይሮ፣ ነፋሱ ተስተካክሎ የፊት ስታቢላይዘሩ በልኩ ቢወፍር፣ ቮልሱ ይርጋጨፌ ሲደርስ ተሳፋሪው እርስ በርስ መደጋገፉ ይቀንሳል። መልስ ጉዞው ላይ ግን ዘመድ የላከው አንድ ጆንያ ቡላ አለ እንበል። ጣሪያ ላይ ከታሰረ ያ ሁሉ ወጪ ግማሹ ከንቱ ይሆናል፤ ክብደቱ ሊቀመጥ የማይገባበት ከፍታ ላይ ተሰቅሏል። ቮልስ ደግሞ ዕቃ ማስቀመጫው ከፊት ነው። ቡላው እዚያ ሲገባ ክብደቱ ከመሬት ይቀርባል፤ ከባዱን ጀርባም ከፊት በኩል በጥቂቱ ያመጣጥነዋል።