ላም ስለ ማርባትና ስለ ንጹሕ ወተት

ብዙ ሰዎች ላም ጠባቂዋ ሳይደክምባት ሣር ግጣ ወተት የምትሰጥ ይመስላቸዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ወተት የላሚቱ ስጦታ ብቻ ሳይሆን የጠባቂዋም የትጋት ፍሬ ነው። ላም ኖራው የማይንከባከባት ሰው፥ «ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ» ከሚለው ሰው አይሻልም፤ ላሚቱ በደጁ ቆማ ሳለች ወተቷ ከእርሱ የራቀ ነውና። ስለዚህ ላም የሚያረባ ሰው ሊጠብቀው የሚገባውን ሥርዐት በየተራው እንገልጻለን።

መጀመሪያው የምግብና የውሃ ነገር ነው። ከ100 እጅ ወተት 87 እጅ ያህሉ ውሃ ነው። እንግዲህ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ወንዝ የምትነዳ ላም ብዙ ወተት ልትሰጥ እንዴት ይቻላታል? ለምትሰጠው ለእያንዳንዱ ሊትር ወተት ቢያንስ 3 ሊትር ውሃ መጠጣት ያስፈልጋታል። ድርቆሽም የሚታጨደው ሣሩ ማበብ በጀመረ ጊዜ፥ ዘር ሳይቋጥር ነው። በደጋው አገር ግን ብዙ ገበሬ ሣሩ ቢጫ እስኪሆን ድረስ ይጠብቃል፤ ያን ጊዜ ክምሩ ትልቅ ይሆናል፥ ኀይሉ ግን ጠፍቷል። በበጋ ገለባ ብቻ የምትበላ ላም ሕይወቷን ታቆያለች እንጂ ወተት አታበዛም፤ ስለዚህ በገለባው ላይ ፍሩሽካ ወይም ፋጉሎ፥ ጥቂትም ጨው ይጨመርላት።

ሁለተኛው የጥጃው ነገር ነው። ጥጃ ሲወለድ በደሙ ውስጥ በሽታን የሚከላከል ኀይል የለውም። ይህን ኀይል የሚያገኘው ከእናቱ እንገር ነው። አንጀቱም ይህን ኀይል ወደ ደሙ ሊያሳልፍ የሚችለው በተወለደበት በመጀመሪያው ቀን፥ ይልቁንም በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓቶች ነው። ከዚያ በኋላ ቢጠባ ሆዱን ይሞላዋል እንጂ ያ ጥበቃ አይገኝለትም። በአገራችን እንገርን አፍልቶ መብላት የተወደደ ልማድ ነው። ጥጃው ጠግቦ የተረፈውን መብላት ነውር የለበትም፤ ከጥጃው አስቀድሞ መውሰድ ግን ትልቅ በደል ነው። በዚህ ምክንያት ጊደሪቱ ብትሞት፥ ያ ሰው አንድ ሳሕን እንገር ብቻ የበላ አይምሰለው፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሊያልባት የነበረችውን ላም በልቷል።

እንዲሁም ላም የምታረግዘው 9 ወር ያህል ነው። ከመውለዷ በፊት በመጨረሻዎቹ 2 ወሮች መታለብዋን ማቆም ይገባል። ጡቷ ካላረፈ የሚመጣው ዓመት ወተት ያንሳል፥ ጥጃውም ደካማ ይሆናል። ስስታም ሰው የ2 ወር ወተት አተርፋለሁ ሲል የዓመቱን ያጐድላል።

ሦስተኛው የአስተላለብ ነገር ነው። ላም በየቀኑ በአንድ ሰዓት ትታለብ። አላቢው አስቀድሞ እጁን ይታጠብ፤ ጡቷንም ለብ ባለ ውሃ አጥቦ በንጹሕ ጨርቅ ያድርቀው። ከየጡቷ የመጀመሪያውን ጥቂት ወተት በሌላ ዕቃ አልቦ ይመልከት፤ የረጋ ነገር ወይም ደም ቢያይ ጡቷ ታሟልና ወተቷን ከሌላው አይቀላቅል፥ እርስዋንም ከሁሉ በኋላ ይለባት። ላሚቱን መምታትና መጮኽ ፈጽሞ የማይገባ ነው። ላም ወተቷን የምታወርደው ደስ ሲላት ነው፤ ከደነገጠች ግን ወተቱን ትይዘዋለች። ስለዚህ በዱላ የሚያልብ ሰው የሚጐዳው ላሚቱን ብቻ ሳይሆን ራሱን ነው።

አራተኛው የወተቱ ንጽሕና ነው። በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ሕዋሳት በሞቀ ወተት ውስጥ በ20 ወይም በ30 ደቂቃ እጥፍ እየሆኑ ይበዛሉ። ስለዚህ ወተቱ እንደ ታለበ ተጠልሎ በቀዝቃዛ ስፍራ ይቀመጥ። እናቶቻችን ማለቢያውንና ቅሉን በወይራ ጭስ ማጠናቸው መልካም ጥበብ ነው፤ ጭሱ መዓዛ ይሰጣል፥ የሕዋሳቱንም መብዛት ያዘገያል። ነገር ግን ጭስ መታጠብን አይተካም፤ ከታመመች ላም የመጣውንም በሽታ አያጠፋም። ሮበርት ኮክ የተባለው የጀርመን ሐኪም እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1882 የሳንባ ነቀርሳን ሕዋስ ገልጦ አሳየ፤ ኋላም የላም ነቀርሳ ባልፈላ ወተት ወደ ሰው፥ ይልቁንም ወደ ሕፃናት እንደሚተላለፍ ታወቀ። ስለዚህ ለሕፃን የሚሰጥ ወተት ሁሉ አስቀድሞ ይፍላ።

አምስተኛው መንጋውን ከበሽታ መጠበቅ ነው። በ1880 ዓ.ም. ገደማ የገባው የከብት በሽታ የአገራችንን ከብት ፈጀው፤ የሚያርስ በሬ ጠፍቶ ሕዝቡ በረኃብ ስላለቀ ያ ዘመን ክፉ ቀን ተባለ። ያው በሽታ ብዙ አገሮች በኅብረት ከብቶቻቸውን ስለ ከተቡ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ2011 ከዓለም ሁሉ መጥፋቱ ተነገረ። ከዚህ እንደምንማረው ከብቱን ለማስከተብ የሚሰንፍ ሰው ለጎረቤቱም ጠላት ነው።

የመጨረሻው የሽያጭ እውነተኛነት ነው። ወተት ከውሃ ጥቂት ይከብዳል፤ ስለዚህ ውሃ የተጨመረበት ወተት በመለኪያ ሲመረመር ይታወቃል። ባይታወቅ እንኳ፥ ከወንዝ የተቀዳው ውሃ በወተቱ በኩል ወደ ሕፃን ሆድ ይገባል። ሻጩ ጥቂት ሳንቲም ሲያተርፍ፥ የገዛችው እናት ልጇን ታሳምማለች።

ልጆች ሆይ፥ ከላይ ከተነገረው ሁሉ አብዛኛው ብዙ ገንዘብ አያስፈልገውም። እጅን መታጠብ፥ ጥጃን ማስቀደም፥ ዱላን መጣል፥ ውሃ አለመጨመር፥ እነዚህ ድኻውም ባለጸጋውም የሚችላቸው ናቸው። ላም አትናገርም፥ ጥጃውም ድርሻዬን ተወሰድሁ ብሎ አይከስም፤ የጠባቂው ጠባይ የሚለካውም መናገር ለማይችለው በሚያደርገው ነገር ነው።